ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ መታሁት

ጥያቄ፦

የተከበሩ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ከባለቤቴና ከባለቤቴ እናት ጋር ነው። 1 ዓመት ከ7 ወር የሆነው የመጀመሪያ ልጃችን መራመድ ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ብርዱ ስለሚበረታብን ጠዋትና ማታ ከሰል እናቀጣጥላለን፤ ልጁም «ተው» ባልነው ቁጥር እየሳቀ ወደ ምድጃው ይሄዳል። ጡት ሲጠባ ይነክሰኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቡና ሊጠጡ በመጡ ጎረቤቶች ፊት አያቱን በጥፊ መታቸው፤ እንግዶቹም ሳቁ። አማቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እያሉ ጭኑን ቆንጠጥ እንዳደርገው ይመክሩኛል። ሐሙስ ማታ እጁን ወደ ፍሙ ሲሰድ ደንግጬ መታሁት። ስመታው የመጀመሪያዬ ነው። እየጮኸ አለቀሰ፤ ከዚያ ግን ወደ አያቱ ሳይሆን ወደ እኔው መጥቶ አንገቴን አቀፈኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄን ሳልመታ ሥርዓት የማስይዘው እንዴት ነው? ወይስ አማቴ እንደሚሉት ከአሁኑ ካልተቆነጠጠ ይበላሽብኛል?

የአንድ ልጅ እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት፣ ልጅዎ እያለቀሰ መጥቶ አንገትዎን ማቀፉን የገለጹበትን መስመር ነው። ብዙ ወላጆች እንዲህ ያለውን ነገር ሲያዩ «ጥፋቱን አውቆ ይቅርታ ጠየቀ» ብለው ይተረጉሙታል። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን ግን ጥፋትንና ቅጣትን አያይዞ የሚመዝንበት አቅም ገና አልተፈጠረለትም፤ ወደ እርስዎ የመጣው ሲፈራና ሲያመው የሚሸሸግበት ሌላ ቦታ ስለማያውቅ ነው። ያን ምሽት ያስፈራውም የሸሸገውም ያው አንድ ሰው መሆኑ እንቅልፍ ነሥቶዎታል፤ ሊነሣዎትም ይገባል። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ በድንጋጤ በተሰነዘረ እጅ ልጅ አይበላሽም። እኔም ሦስት ልጆች ሳሳድግ የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ መትቻለሁ፤ በሁለቱም ቀናት ከሌላው ቀን የተለየ ነገር የነበረው የእኔ ድካም እንጂ የልጁ ጥፋት አልነበረም።

አማትዎ የጠቀሱትን ተረት በተመለከተ፣ እንደሚመስለኝ የሚናገረው ስለ ቁንጥጫ አይደለም። በአማርኛችን «የተቀጣ ልጅ» ሲባል ብዙ የተገረፈ ልጅ ማለት ሳይሆን፣ ሥርዓት ያወቀ፣ በሰው ፊት አቀማመጡንና አነጋገሩን የተማረ ልጅ ማለት ነው፤ «ያልተቀጣ» የሚባለውም ልምጭ ያልቀመሰው ሳይሆን ያልተማረው ነው። እንግዲያው ተረቱ የሚለው፣ ተግሣጽ ያልለመደ ልጅ ተራ ቁጣ እንኳ ይከብደዋል ነው። በዚህ ከአማትዎ ጋር እስማማለሁ፤ ከአሁኑ ይለማመድ። የምንለያየው በማስለመጃው መንገድ ላይ ብቻ ነው።

በሰው አንጎል ውስጥ ስሜትን የሚገታውና «ቆይ» የሚለው ክፍል በግንባር በኩል የሚገኘው ሲሆን፣ ዕድገቱን የሚጨርሰው ሰው በ20ዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ልጅዎ «ተው» የሚለውን ቃል ይሰማል፤ ትርጉሙንም በመጠኑ ያውቃል፤ ያቃተው የሰደደውን እጅ መልሶ መሰብሰብ ነው። ወደ ፍሙ እየሄደ ዞር ብሎ ሲስቅብዎም ንቆዎት አይደለም። እናቴ «ተው» ስትል ቀጥሎ የሚሆነው ምንድን ነው የሚለውን በእግሩ እየጠየቀ ነው፤ መልሱንም ከቃልዎ ሳይሆን ከቃልዎ በኋላ ከሚያደርጉት ነገር ይወስዳል።

ችግሩ አብዛኞቻችን ሕፃን የምንቆጣው ተቀምጠን መሆኑ ነው። ሽንኩርት እየከተፍን፣ ስልክ እያወራን፣ ወይም ከጎረቤት ጋር የጀመርነውን ወግ ሳናቋርጥ «ተው! ተው አልኩህ! ኋላ!» እንላለን፤ አምስተኛው «ተው» ላይ ድምፃችን ይጮኻል፤ ስድስተኛው ላይ ብድግ ብለን እጃችንን እንሰነዝራለን። ልጁ ከዚህ የሚማረው የመጀመሪያዎቹ «ተው»ዎች ባዶ መሆናቸውንና እናቱ የምሯን የምትሆነው ስትጮህ ብቻ መሆኑን ነው። ስለዚህ እርስዎ የሚጀምሩት ከመነሣት ይሁን። አንድ ጊዜ ብቻ «ተው» ይበሉና የያዙትን አስቀምጠው ወዲያውኑ ይነሡ፤ ዝቅ ብለው ዓይኑን እያዩ፣ እጁን ለስለስ አድርገው ግን አጥብቀው ይዘው፣ «እሳት ነው፤ ያቃጥላል» ብለው አንሥተው ከምድጃው ያርቁት፤ ወዲያው ሊነካው የሚፈቀድለትን አንድ ነገር፣ ጣሳም ይሁን ማንኪያ፣ በእጁ ያስጨብጡት። ተመልሶ ይሄዳል። እርስዎም ተመልሰው ይነሣሉ፤ ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ይናገራሉ። በአንድ ምሽት ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ አድካሚነቱን አልሸሽግዎትም። ነገር ግን «ተው» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ጋር፣ ይኸውም ከመነሣትዎና እርሱን ከማራቅዎ ጋር፣ ተያይዞ ሲመጣ ቃሉ በጊዜ ብዛት ክብደት ያገኛል።

ለእሳቱ ግን በተግሣጽ ብቻ አይታመኑ። የእኛ ቤት ኑሮ ወለል ላይ ነው፤ ምድጃው፣ ረከቦቱ፣ የፈላው ጀበና ሁሉም የሚቀመጡት ገና መራመድ በጀመረ ሕፃን እጅ ልክ ነው። የ1 ዓመት ከ7 ወር ልጅ «እንዲጠነቀቅ» መጠበቅ የእኛ ስሕተት ነው። ከሰሉ በሚነድበት ሰዓት አንድ ሰው ልጁን የመያዝ ኃላፊነት ይኑረው፤ ምድጃውም ከማእዘን ተቀምጦ ዙሪያውን ሊገፋ በማይችል ነገር ይከለል። በዚህ አጋጣሚ ከጥያቄዎ ጥቂት ወጣ ብዬ ልናገር፦ ከሰል ደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ከጠፋ በኋላም ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣልና፣ በርና መስኮት ዘግታችሁ ከሰል እየነደደ እንዳትተኙ። አይበለውና ልጁ ከተቃጠለ ደግሞ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይያዙት፤ ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ሊጥም አይቀቡት፤ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ስለምንናገራቸው ቃላትም አንድ ነገር ላንሣ። በብዙ ቤት አፈር ሲነካ «እፉ»፣ እሳት ሲነካ «እፉ»፣ የአባቱን ሞባይል ሲያነሣም «እፉ» ይባላል። ልጁ ሦስቱን የሚለይበት መንገድ የለውም፤ አፈር ነክቶ ምንም እንዳልሆነ ያየ ልጅ እሳቱንም እንደዚያው ይገምታል። ለእሳቱና ለፈላው ነገር ብቻ የተጠበቀ አንድ ቃል ይኑርዎ፤ በሌላ ነገር ላይ አያባክኑት። በቀረው ነገር ሁሉ ደግሞ የማይደረገውን ከመከልከል የሚደረገውን መናገር ለሕፃን ይቀለዋል፦ «አትሩጥ» ከሚሉት «ቀስ በል»፣ «አትወርውር» ከሚሉት «ስጠኝ» ይበሉት። ንግግርዎም ከሁለትና ከሦስት ቃል አይብለጥ። ረጅም ምክር የሚሰማበት ጊዜ ይመጣል፤ አሁን ግን ግማሹን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ እርሱ ሌላ ነገር ጀምሯል።

አያቱን በጥፊ ስለመታበት ቀን ጥፋተኛ ይፈለግ ከተባለ፣ እኔ የማገኘው ከሳቁት እንግዶች መካከል ነው። ለሕፃን ከሳቅ የበለጠ ሽልማት የለም፤ በሰው የተሞላ ቤት በአንድ ጥፊ ሲስቅለት ካየ በማግስቱ ይደግመዋል። በዚያ ላይ መምታትን የምናስተምረው እኛው ነን። ልጁ ተደናቅፎ ሲወድቅ ወለሉን በመዳፋችን እየመታን «መታሁልህ፣ አይዞህ» እንለዋለን፤ አጎቱ መጥቶ «እስቲ አባትህን ምታልኝ» ብሎ ሲያጫውተው ጨዋታ እንለዋለን፤ ያንኑ ጥፊ በእንግዳ ፊት ሲደግመው ግን ነውር ይሆንበታል። ወለሉን መምታት ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፤ የወደቀበትን ቦታ ዳበስ አድርጎ «አመመህ» ማለት ይበቃል። ሲመታ ደግሞ ማንም ሳይስቅ እጁን ያዝ አድርጎ «አይመታም፤ ያማል» ብሎ፣ ያንኑ እጅ አያቱ ጉንጭ ላይ ቀስ አድርጎ ማስዳበስ በመምታት ፋንታ ምን እንደሚያደርግ ያሳየዋል። ልጁ ሲመታ መልሰን እየመታን «አይመታም» ብንለው ግን የትኛውን ይመን?

ንክሻው በአብዛኛው ተንኮል የለበትም። የመጀመሪያዎቹ መንጋጋ ጥርሶች የሚበቅሉት ከ13 እስከ 19 ወር ባለው ጊዜ ስለሆነ ድዱ እየበላው ሊሆን ይችላል፤ ከመጥባቱ በፊት ንጹሕና ቀዝቃዛ ጨርቅ እንዲያኝክ ይስጡት። ሲነክስዎት አይጩኹ፤ ጩኸቱ ወይ ያስደነግጠዋል፣ ወይ ጨዋታ ይሆንለታል። ትንሿን ጣትዎን በአፉ ጥግ አስገብተው ጡቱን ያላቁና «ያማል» ብለው ለጥቂት ጊዜ ይከልክሉት። ይህ ለእርሱ ዕድሜ በቂ ቅጣት ነው። አንዳንድ እናቶች በዚህ ተበሳጭተው ጡታቸውን እሬት ይቀባሉ፤ ጡት ማጥባት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል የሚመከር ስለሆነ፣ ለንክሻ ሲባል ጡት ማስጣል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቁንጥጫው ልመለስ። ቁንጥጫ ልጁን ለጊዜው ያስቆመዋል፤ አማትዎም «ይሠራል» የሚሉት ይህን ስላዩ ነው። የሚያስቆመው ግን ድንጋጤው እንጂ ትምህርቱ አይደለም፤ በማግስቱ ወደዚያው ምድጃ ይመለሳል፣ ወይም ቆንጣጩ የሌለበትን ሰዓት መጠበቅ ይለምዳል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። መምህር የ8 ዓመቱን ተማሪ እንዳይመታ ከተከለከለ፣ ያመመውን እንኳ በቃል መናገር የማይችለውን ሕፃን እኛ ቤት ውስጥ የምንመታበት ምክንያት አይታየኝም። በርበሬ ማጠንና ልጅን ይዞ መነቅነቅ ግን ከቁንጥጫ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሳንባን ይጎዳል፣ ሁለተኛው በሕፃን አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስና ሊገድል ይችላል። ማስፈራራትም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። ጅብ በእውነት በሌሊት በሚጮኽበት አገር «አያ ጅቦ ይበላሃል» የተባለ ልጅ ጨለማን ይፈራል፤ «ሐኪሙ በመርፌ ይወጋሃል» የተባለ ደግሞ ጤና ጣቢያው በር ላይ ገና ሲደርስ ይጮኻል።

ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በውርጩ ወራት ሕፃን ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ይውላል። መሮጥና መውጣት መውረድ የተፈጠረበት ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ በአንድ ክፍል ሲዘጋበት ጉልበቱን የሚያወጣው በምድጃውና በሲኒው ላይ ነው። ፀሐይ በወጣችበት ከረፋድ እስከ ቀትር ደጅ ያውጡት፤ ይውደቅ፣ ይነሣ፣ አፈር ይንካ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። የሚያስቸግርበትን ሰዓት ለሦስት ቀናት ያስተውሉ፤ አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው ከምግብ በፊት፣ ወይም እንቅልፉ ባለፈበት አመሻሽ ላይ መሆኑን የሚያዩ ይመስለኛል።

የቀረው አማትዎ ናቸው፤ በእውነቱ ከልጁ ይልቅ ይህኛው ይከብዳል። እርስዎ «ተው» ሲሉ እርሳቸው «ተዪው፣ ልጅ ነው» ካሉ፣ ወይም እርስዎ ሲያርቁት እርሳቸው ከቆነጠጡት፣ ልጁ የሚማረው አንድ ሥርዓት የለም። ነገር ግን በልጁና በእንግዳ ፊት አያርሟቸው። ባለቤትዎ ባሉበት፣ ቡና ተፈልቶ ልቡና በረጋበት ሰዓት፣ «እማማ፣ እነዚህን ሁሉ ልጆች ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ እሳቱ ጋ ሲሄድ ሁላችንም አንድ ቃል ብለን ብናነሣው ምን ይመስልዎታል?» ብለው ይጠይቋቸው። የሚሉትንም ያድምጡ፤ ያለ ልምጭ ልጅ የሚያባብሉበትን ዘዴ አያቶች ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ምናልባትም «ቡና ሲፈላ ልጁን የምይዘው እኔ ነኝ» ይሉ ይሆናል፤ ካሉ የእሳቱን ጉዳይ ግማሹን ጨረሱ ማለት ነው። የማይታለፈውን ነገር፣ ማለትም አለመቆንጠጡን፣ ልጃቸው ለእናቱ ቢናገር ከእርስዎ አንደበት ከሚወጣ ይሻላል።

አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። አንድን ነገር መከልከል ሲጀምሩና በቃልዎ ሲጸኑ የልጁ ማስቸገር ለጥቂት ቀናት ይብሳል። ከዚህ በፊት በልቅሶ ያገኘውን ነገር አሁን በበለጠ ልቅሶ ሊያገኘው ይሞክራል። ብዙ ወላጅ «አልሠራም» ብሎ የሚተወው በእነዚህ ቀናት ነው፤ በሦስተኛው ቀን የተሸነፈ ወላጅ ደግሞ ልጁን ያስለመደው ሦስት ቀን ማልቀስን ነው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አያርሙ። ለአሁኑ እሳቱንና መምታቱን ብቻ ይያዙ፤ ምግብ መበተኑ ለሌላ ወር ይቆይ።

ጥያቄ፦

2 ዓመት ከ4 ወር የሆናት ልጄ የፈለገችው ነገር ሲከለከል ታለቅስና ትንፋሿ ይቋረጣል፤ ከንፈሯ ይጠቁራል፤ አንድ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታለች። ከዚህ የተነሣ በቤታችን «አይሆንም» የሚላት ሰው ጠፍቷል። ባለፈው ከሱቅ ብስኩት ስላልገዛሁላት እንዲህ ሆና ጎረቤት ውኃ ረጨባት። ምን ላድርግ?

አባት፣ ከመሃል ሜዳ

መልስ፦

ማየቱ እጅግ ያስፈራል፤ ይሁን እንጂ የገለጹት ነገር ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታይ የታወቀ ነገር ነው። ልጆቹ ሆን ብለው አያደርጉትም። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ትንፋሻቸው በራሱ ይመለሳል፤ እያደጉ ሲሄዱም ይተዋቸዋል። በዚያች ቅጽበት በጎኗ ያስተኟት፣ ራሷን ከሚመታት ነገር ይከልሉ፣ ይጠብቁ። ውኃ መርጨት፣ መነቅነቅ ወይም ጣት በአፏ መክተት አያስፈልግም።

ሆኖም አንድ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሯት፤ በእንዲህ ዓይነት ልጆች ላይ የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ እርሱ ሲታከምም ሁኔታው ይቀንሳል። ሳታለቅስና ሳትደነግጥ ራሷን የምትስት ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየባት ግን ሳይዘገዩ ይውሰዷት። ጠበል የሚወስዷት ከሆነም ምርመራውን አያስቀሩባት። በቤት ውስጥ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ሥጋ ትብላ። ሻይ በዳቦ ለሕፃን መስጠት በደጋው የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሻይ ብረቱ ከምግቡ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ ይቅርባት።

«አይሆንም» ማለትዎን አይተዉ። ትንፋሿ ሲመለስ ይቀፏት፤ ፊቷን ይጥረጉላት፤ ስለሆነው ነገር ብዙ አያውሩ። ብስኩቱን ግን አይግዙላት፤ በማግስቱ በሌላ ሰዓት፣ ሳታለቅስ ስትጠይቅዎ ሊገዙላት ይችላሉ።